ለመመላለሻ ያህል

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ «መራጯ» ተብዬ ኖሬአለሁ። ስም አለኝ፤ የሚያስታውሰው ግን መታወቂያዬ ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ «መራጯ፣ ወንበር አምጪ» እባላለሁ። ሳሙና ሲያልቅ «መራጯ ትሂድ፤ ብቻ አደራሽን እንዳትመርጪ፣ የሰጡሽን ይዘሽ ነይ» ይሉኛል። ትልቁ ወንድሜ እጮኛውን ይዞ የመጣ ቀን አባቴ በሰው ፊት «ደግነቱ እሷን መራጯ አልመረጠችልህም» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰው ሁሉ በሚስቅበት ነገር ብቻዋን የምታኮርፍ ሴት ጥፋቷን ያመነች ትመስላለች።

የመረጥኩት መኪና ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የመረጥኳት መኪና የእናቴን ወገብ ሰበረች፤ እናቴም ከዚያ በኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት አልጋ ላይ ኖረች። በቤታችን የሚታወቀው ታሪክ ይኸው ነው፤ ከዚህ አይረዝምም። እኔ ግን አስረዝመዋለሁ። ብዙ አልተማርኩም፣ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ያየሁትን ለመናገር ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል።

እናቴ የካልሲ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ፋብሪካው ከከተማው ማዶ፣ ከዳገቱ ባሻገር ነው። ካልሲ ከማሽን ሲወጣ ጣቱ ጋ ክፍት ነው፤ ያንን የምትዘጋው እሷ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የሰው ካልሲ ስትዘጋ ውላ ስትመጣ የኛን ለመስፋት እጇ አይታዘዝላትም። የካልሲ ሰፊ ልጆች ተረከዛችን እየታየ ነው ያደግነው።

ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ ቢኖርም ከፈረቃዋ ሰዓት ጋር አይገጥምም። የምትመላለሰው በአባቷ መኪና ነበር። አያቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ ሲሞትም ያቺን አሮጌ መኪናውን ተወላት። አባቴ መንዳት አይችልም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ከቤታችን መሥሪያ ቤቱ ድረስ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የአያቴ መኪና አልነሳ አለች። እናቴ ቁልፉን ደጋግማ አዞረችው። ከዚያ ሁለት እጇን መሪው ላይ፣ ግንባሯን እጆቿ ላይ አድርጋ ቀረች። እኔ በመስኮት አያት ነበር። እንቅልፏን የምትጨርስ መሰለኝ። ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ወንድሞቼን «ዝም በሉ፣ እማዬ ተኝታለች» አልኳቸው።

ተኝታ አልነበረም። አለቃዋ ሦስት ቀን ያረፈደች ሴት አራተኛውን ቀን እንዳትመጣ የሚል ሰው ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል ዋናው መንገድ ላይ ወጥታ የጭነት መኪና እየለመነች ሄደች። ሁለት ቀን አረፈደች። የቀራት አንድ ቀን ነበር። በዚያው ሰሞን እራት ላይ ተቀምጠን ነገሩን አነሳችው።

«የትርፍ ሰዓቴን ያጠራቀምኩት አለ። ለሌላ ነገር ነበር ያሰብኩት፤ ይሁን። በሱ መኪና እንግዛ። ቆንጆ አልፈልግም። ጠዋት ስቀሰቅሳት የምትነሳ፣ ማታ ልጆቼ ጋ የምትመልሰኝ ትሁን እንጂ አህያም ትምሰል።»

«አህያዋስ ትሻልሽ ነበር፤ ቤንዚን አትጠጣም» አለ አባቴ።

ሳቅን። አባቴ ጨዋታ ያውቃል። አሁንም ያውቃል።

«አንቺ ሥራሽን ስሪ» አላት። «ለሌላው እኔ አለሁልሽ። መካኒክ ይዤ እሄዳለሁ፣ አስፈትሻለሁ፣ አንቺ መጥተሽ ትፈርሚያለሽ፤ አለቀ።»

እናቴ እጁን ያዘችው። «ተባረክልኝ» አለችው። ድምፅዋ ሲርገበገብ ሰማሁ፤ ሰው ሲደሰት ድምፁ እንደዚያ የሚሆን መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ እኔን ብቻ ይዞኝ ወጣ። ወንድሞቼ በሩ ላይ አለቀሱ። እኔ መሬቱን የረገጥኩት አይመስለኝም፤ ከሦስት ልጅ መሀል እኔን! ለምን እኔን እንደወሰደኝ የገባኝ አርጅቼ ነው። ትልቁ ወንድሜ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ጥያቄ ያበዛል። ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው፤ ያየውን ሁሉ ይዘከዝካል። እኔ መሀል ላይ ነበርኩ፤ ያሉኝን አምናለሁ፣ ያመንኩትንም ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

የመኪና መሸጫው በቆርቆሮ የታጠረ ሜዳ ነበር። ፀሐይ ያረፈበት ጎማ ይሸታል፤ ደግሞ መኪና የሚያወለውሉበት ሰም። ባለቤቱን ቅባት ነው የሚሉት፤ ሰው ሲያናግር መዳፉን ያሻሻል፣ ምላሱም ያዳልጣል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ! ይህቺ ልዕልት የእርስዎ ናት? ለሷ የምትሆን መኪና ከየት አመጣለሁ፣ ኧረ አስጨነቁኝ!»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለኔ የምትሆን መኪና በማጣቱ የተጨነቀ መስሎኝ አዘንኩለት።

አባቴ ይዞት የመጣው መካኒክ ጆሮው ይባላል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ የማይጠፋ ሰው ነው። ሞተር የሚመረምረው በጆሮው ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። የረጅም ካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይተክልና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሞተሩ ምስጢር የሚነግረው መስሎኝ ነበር።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ደከመኝ አለኝ» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

አዳምጦ ሲጨርስ ለምርጫ ሁለት መኪና ቀረ። አንዷ ግራጫ ናት። በሯ ተጨረማምቷል፣ ወንበሯ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል፣ አንዱ መብራቷ በፕላስተር ታሽጓል። ጆሮው እሷ ላይ ካቻቢቴውን ተክሎ ብዙ ቆየ። «ፊቷ ነው እንጂ የተጎዳ ውስጧ ደህና ናት» አለ። «ይህቺ ታገለግላለች።»

ሌላዋ አረንጓዴ ናት። አረንጓዴ ብቻ ብል አይገልጻትም፤ አሁን የታጠበ ቃሪያ ነው የምትመስለው። በሯ ላይ ፊቴን አየሁት፤ ከመስታወታችን ይልቅ አማረብኝ።

ጆሮው ከኪሱ በጨርቅ የተሰፋ ጠፍጣፋ ነገር አወጣ። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት ነው፤ ቀለም እንዳይጭር ነው በጨርቅ የሰፋው።

«ነይማ» አለኝ። «መኪኖቹን ዙሪያቸውን በዚህ ንኪልኝ። የሚይዝበትንና የማይይዝበትን ጮክ ብለሽ ንገሪን። ጮክ ብለሽ።»

ግራጫዋን ጀመርኩ። ጣ! ብሎ ተጣበቀ፤ ለመንቀል ሁለት እጅ አስፈለገኝ። «ይይዛል! እዚህም ይይዛል!» እያልኩ ዞርኳት። አረንጓዴዋ ጋ ሄድኩ። ፊት ለፊቷ ያዘ። ከሹፌሩ በር ኋላ፣ መሀሏ ላይ ስደርስ ግን ማግኔቱ ከእጄ ሸርተት ብሎ መሬት ወደቀ። አንስቼ ለጠፍኩት። ወደቀ። በወዲያኛው ጎኗ ሞከርኩ። እዚያም ወደቀ።

«አይይዝም!» ብዬ ጮህኩ።

ቅባት መዳፉን ማሻሸት አቆመ። ጆሮው አባቴን ትክ ብሎ አየው። አባቴ አጠገቤ ቁጢጥ አለና ጸጉሬን ዳሰሰኝ።

«ለምን እንደማይይዝ ታውቂያለሽ፣ ሚጣዬ?»

«አላውቅም።»

«ንጹሕ ስለሆነች ነው። ማግኔት የሚወደው ዝገት ነው። ንጹሕ ብረት ማግኔት አይወድም። ግራጫዋን ሁሉ ቦታ ያዛት አይደል? ዝጋለቻ!»

«ፊቷ ላይ ግን ይይዛል።»

«እሷ ትንሽ ዝገት ናት፤ በጨርቅ ትጠረጋለች።»

ጆሮው ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ። ከዚያ ሦስቱ ወደ ቅባት ቆርቆሮ ክፍል ገቡ። በሩ አልተዘጋም ነበር፤ እኔ ደጁ ላይ በማግኔቱ ሚስማር እለቅም ነበር።

«ሁለት ናት እኮ» ይላል ጆሮው። «ጋሼ፣ ሁለት ናት። አንዷን አይተው ነው...»

«ሰምቻለሁ» ይላል አባቴ።

«ዳገት አለ በዚያ መንገድ፤ ጉድጓድ አለ።»

«ለመመላለሻ ያህል ነው እንጂ ሩቅ አትሄድም።»

ሁለት መኪና በአንድ ዋጋ ልንገዛ ነው ብዬ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ጆሮው ሲወጣ ማግኔቱን ዘረጋሁለት። «ያዢው» አለኝ። «እኔ ከእንግዲህ አልፈልገውም።»

እናቴ የቅዳሜ ግማሽ ቀኗን ጨርሳ ከጭነት መኪና ላይ ወርዳ መጣች። ጸጉሯ ላይ የክር ብናኝ ነበር። አረንጓዴዋን አለፈቻትና ግራጫዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። መሪውን ያዘች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ይህቺን» አለች። «አስቀያሚ ናት፤ ግን ተስማማችኝ።»

«አንቺ ደግሞ!» አለ አባቴ። «ዕድሜ ልክሽን ቡትቶ ላይ ተቀምጠሽ! የሁለቱም ዋጋ እኮ አንድ ነው። ከቡትቶና ከአዲስ ቡትቶ ይሻለኛል የምትል ሴት ዛሬ ገና አየሁ።»

«እኔ እንጃ፤ ይህቺ...»

«በቃ እንግዲህ እኔና አንቺ ከምንጣላ ሚጣ ትምረጥልን። እስቲ ሚጣ፣ ለእማዬ የትኛው ይሁንላት?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። በሕይወቴ አዋቂ ሰው ሁሉ አፌን የጠበቀበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

«አረንጓዴዋ!» አልኩ። «እማዬ፣ አረንጓዴዋ ንጹሕ ናት! ማግኔቱ አይይዛትም፣ ራሴ ነኝ የሞከርኩት! ያንቺዋ ዝጋለች!»

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ወደ ጆሮው ዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ ወንድሜ? የምሄድባት እኔ ነኝ፤ እውነቱን ንገረኝ።»

ጆሮው ጥፍሩን በካቻቢቴው ጫፍ እየፋቀ ነበር። «እንግዲህ ልጅቷ መርጣለች፣ እትዬ» አለ።

እናቴ ግንባሬን ሳመችኝና ፈረመች።

በሳምንቱ አባቴ በጋሪ ቴሌቪዥን አስጭኖ መጣ። «መሥሪያ ቤት ዕጣ ወጣልኝ» አለ። በሰፈራችን ሁለተኛው ቴሌቪዥን ነበር። የጎረቤት ልጅ ሁሉ መስኮታችን ላይ ተንጠላጠለ። እናቴ ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊቱ ቁጭ ብላ «ዕድለኛ ባል ነው ያለኝ» ትል ነበር። አረንጓዴ መኪና ደጅ ላይ፣ ቴሌቪዥን ቤት ውስጥ፤ ሀብታም የሆንን መሰለኝ።

አባቴ መኪናዋ ላይ አንድም ቀን አልተቀመጠባትም። እናቴ «መንገዴ ነው ላድርስህ» ስትለው «ወገቤን ያመኛል፤ ወንበሯ አይመቸኝም» ይላታል። ወንድሞቼንም ከለከላቸው። «ወንድ ልጅ በእግሩ ሄዶ ይጠንክር።» እኔን ግን አልከለከለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ፋብሪካ ድረስ ትወስደኝ ነበር፤ አባቴም በሩን ራሱ ከፍቶ ያስገባኛል። ከሦስታችን አብልጦ የሚወደኝ እኔን መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ነበር።

አንድ ቅዳሜ መኪናዋን ሳጸዳ የወለሏን ምንጣፍ ገለጥኩ። ከፊት ወለሉ አረንጓዴ ነው። ከኋላ ነጭ ነው። መሀሉ ላይ እንደ ቁስል ጠባሳ ያበጠ መስመር አለ። ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት።

«አባዬ፣ መኪናችን ከሥር ነጭ ለብሳለች!»

ፊቱ ለአፍታ ክው አለ፤ ወዲያው ሳቀ። «እሱ የውስጥ ልብሷ ነው» አለኝ። «የሴት የውስጥ ልብስ ደግሞ አይወራም፤ ነውር ነው። ለእማዬም ቢሆን።»

አላወራሁም። የወለሉን ምንጣፍ ባየሁ ቁጥር እየሳቅሁ ምስጢሩን ያዝኩ። ምስጢር በመያዝ ጎበዝ ነበርኩ።

በአራተኛው ወር፣ በሥራ ቀን፣ እናቴ ከፈረቃ ስትመለስ ነው። ከኋላ የፋብሪካ ጓደኛዋ ተቀምጣለች፤ ሳቂታዋ የምንላት፣ ሁሌ እኛ ቤት የምትውል ሴት። ዳገቱን ጨርሰው ቁልቁል ሲጀምሩ ጎማው ጉድጓድ ገባ። የሆነውን የነገረችን ሳቂታዋ ናት፤ በራችን ላይ ቆማ፣ አንድ ጫማዋ ጠፍቶ፣ ጉንጯ ላይ ጭረት ብቻ ይዛ።

«ከፊቴ ነበረች፤ እያወራችኝ ነበር» አለች። «ካልሲ ነበር የምታወራኝ። ከዚያ ፊቴ ባዶ ሆነ። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ፤ የፊቱ መኪና ብቻውን ሄደ። አስፋልቱን በእግሬ መሀል አየሁት።»

ይህን ብላ ሳቀች። ሳቋን ማቆም አቃታት። ከዚያ ወዲህ ሳቂታዋ ያሏት የለም።

የፊቱ ግማሽ እናቴን ይዞ ገደል ገባ። ከሁለት የተጋጩ መኪኖች ተቆርጦ፣ መሀሉ ተበይዶ፣ በስቱኮ ተለስኖ፣ አረንጓዴ የተቀባ መኪና ነበር። ቅባትን ሊጠይቁት ሲሄዱ ሜዳው ባዶ ነበር። ጆሮውም አገር ለቅቋል ተባለ። አባቴ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ራሱን ይዞ ሲያለቅስ አየሁት፤ ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ አታለሉህ» ይለዋል። እኔ አጠገቡ ሄጄ እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ምነው ግራጫዋን ብትመርጪ ኖሮ» አለኝ።

በሰው ፊት ነው ያለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ሁሉ ወሬ ይኸው ሆነ።

እናቴ ከወገቧ በታች ሽባ ሆና ተመለሰች። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠች ገላዋ ይቆስላል። «ማን ይገላብጣታል?» ተባለ። ትልቁ ወንድሜ ትምህርት አለበት። ትንሹ ሕፃን ነው። «መርጠሽ የለ?» አለ አባቴ፤ ቀለድ አድርጎ። እኔ ደብተሬን አልጋዋ ሥር አስቀመጥኩት፤ ኋላ ወረቀቱን ቀዳድጄ ቂጧን ጠራርጌበታለሁ።

አልጋዋን ቴሌቪዥኑ ፊት አደረግንላት። ሠላሳ አምስት ዓመት እሱን አየች።

ደግ እናት ነበረችኝ፤ መኪናዋ ያንንም ወሰደችብኝ። እንግዳ ሲመጣ፣ እኔ የሽንት ጨርቋን እየቀየርኩ፣ «እኔስ ግራጫዋን ነበር የፈለግሁት፤ ይህቺ ናት የመረጠችልኝ» ትላለች። አንዳንድ ቀን ሳገላብጣት ክንዴን ትቆነጥጠኛለች፤ ጥፍሯ እስኪቀር ድረስ። እጇ ጠንካራ ነበር፤ የካልሲ ሰፊ እጅ። እኔ ማገላበጤን እቀጥላለሁ። መርጫለኋ። ለትዳር የጠየቀኝ አንድ ሰው ነበር፤ «እሷን ትቼ የት እሄዳለሁ» ብዬ መለስኩት። አባቴ ይህን ሲሰማ «መራጯ ዘንድሮስ በደንብ መረጠች» አለ።

ልትሞት ሰሞን ለስለስ አለች። አንድ ቀን አባቴም ወንድሞቼም ባሉበት እጄን ፈለገች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ። «ልጅ ነበርሽ። አታውቂም።»

አባቴ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ፣ ልጅ ናት፤ ይቅር በያት» አለ። ዕንባውን በመሀረብ ጠረገ። እግሯ ላይ ወድቄ አመሰገንኳት።

ቁንጥጫዋን ችዬ ነበር። ይቅርታዋን ነው እስከ ዛሬ መቻል ያቃተኝ።

ጆሮው ለቅሶ መጣ። አርጅቶ፣ ጎብጦ፤ ጆሮው ጭራሽ ደንቁሯል፣ ካልጮሁበት አይሰማም። ልብስ ከተሰጣበት ገመድ ኋላ ወስጄ አስቀመጥኩትና ሻይ ሰጠሁት። ሳልጠይቀው ጀመረ።

«ነግሬው ነበር» አለኝ። «መሀሏ ስቱኮ ነው፣ ሥሩ ብረት የለም፣ ስለዚህ ማግኔት አይይዝም አልኩት። ቀድሞም ያውቃል። ከግራጫዋ በግማሽ ነው የገዛት። ለናትሽ ግን እኩል ነው አላት።»

ቀሪው ግማሽ። በጋሪ የመጣው የቴሌቪዥን ዕጣ።

«ታዲያ ማግኔቱን ለምን ለኔ ሰጠኸኝ?» ብዬ ጆሮው ላይ ጮህኩ።

«ልጁ ራሷ አይይዝም ብላ ስትጮህ ያፍራል ብዬ ነበራ።»

«እናቴ ስትጠይቅህስ?»

«ባልና ሚስት መሀል ምን ብዬ ልግባ፣ እህቴ?»

ሻዩን ከእጁ ወስጄ መሬት ደፋሁትና በሩን አሳየሁት።

ወዲያው ገብቼ መጮህ እችል ነበር። አባቴ የሚለውን ግን አውቃለሁ። «ምስኪን፣ ደንቁሮ ብቻ ሳይሆን ጃጅቷል» ይላል፤ ወንድሞቼም ይስቃሉ። እናቴም የለች። ማንን ላሳምን?  ከዚያ ይልቅ መንዳት ተማርኩ። በአርባ አምስት ዓመቴ። ፈተናውን አራት ጊዜ ወደቅሁ፣ በአምስተኛው አለፍኩ።

አባቴ አሁን ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ደሙን ለማሳጠብ ሆስፒታል ይሄዳል። የማመላልሰው እኔ ነኝ። ወንድሞቼ አዋጥተው የገዙልን አሮጌ መኪና ከሦስት ወር በፊት ሞተሯ ነክሶ ቆመች። እንደገና አዋጡ፤ ብዙ አይደለም፣ ለደህና አሮጌ የሚበቃ ነው። «የትኛውን እንግዛ?» ሲባል አባቴ ከሶፋው ላይ ሆኖ ሳቀ።

«መራጯ እያለች!» አለ።

በዚያች ቀን ነው የወሰንኩት።

ከአንድ መካኒክ ጋር ሁለት ሳምንት ዞሬ አንዲት ግራጫ አገኘሁ። ቀብድ ከፍዬ፣ «ቤተሰብ አይቶ ካልወደዳት እስከ ማታ እመልሳለሁ» ተባብዬ ነድቼ ግቢያችን አቆምኳት። አባቴን ደግፌ አወጣሁት። ትንሹ ወንድሜ አጠገባችን ቆሟል፤ ከመኪና የሚያውቀው ወንበሩን ነው፣ ዓይኑም ስልኩ ላይ ነው። ከኪሴ በጨርቅ የተሰፋውን አወጣሁ። አርባ አንድ ዓመት በአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ያኖርኩት ጨርቅ ነው። አባቴ ሲያየው አወቀው።

«አንተ ሞክራት፣ አባዬ» አልኩት። «እዚህ ጋ፣ መሀሏ ላይ።»

ለጠፈው። ለቀቀው። መሬት ወደቀ። አንስቼ ሰጠሁት፣ በወዲያኛው ጎን ሞከረ። ወደቀ።

«አይይዝም» አልኩ። «ንጹሕ ብረት ማግኔት አይወድም፣ አይደል አባዬ?»

ወንድሜ ቀና አለ። «ምንድን ነው እሱ? ጥሩ ነው መጥፎ?»

«አባዬ ያውቃል» አልኩ። «እስከ ማታ መመለስ እንችላለን። አባዬ አትሆንም ካለ አሁኑኑ እመልሳታለሁ። አንድ ቃል ይበቃኛል።»

አባቴ መኪናዋን አየ። እኔን አየ። የምነዳት እኔ መሆኔን ያውቃል፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቁልቁለቱን ጭምር።  እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አፉን ጠበቅሁ። ልጄ አትግዣት ቢለኝ እግሩ ላይ ወድቄ ሁሉንም እተውለት ነበር፤ እናቴን እንኳ።

«እንግዲህ መራጯ መርጣለች» አለ ለወንድሜ። «ትግዛት።»

ገዛኋት።

የመጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ ልቀመጥ አለኝ። ከፊት አልኩት። ወገቤን አለኝ። ቀበቶውን አጥብቄ አሰርኩለትና «ለመመላለሻ ያህል ነው እንጂ ሩቅ አንሄድም» አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ባየ ቁጥር የበሩን እጀታ ይጨብጣል፤ ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እግሮቹን ወደ ላይ ይሰበስባል፣ አስፋልቱ ከሥሩ የሚወጣ ይመስል። አንዳንዴ የወለሉን ምንጣፍ በጫማው ጫፍ ሊገልጥ ይሞክራል። ከሆስፒታል ሲመለስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነው። ነርሷ «አባባ ለምንድን ነው ግፊታቸው የሚጨምረው?» ብላ ጠየቀችኝ። እርጅና ነው አልኳት።

መኪናዋ ጤነኛ ናት። ከመግዛቴ በፊት እውነተኛውን ማግኔት ከፊቷ እስከ ኋላዋ ለጥፌባታለሁ፤ በሁለት እጅ ነው የሚነቀለው። ለአባቴ የሰጠሁት ጨርቅ ውስጥ ያለው ግን ስፌቱን ፈትቼ፣ ማግኔቱን አውጥቼ፣ የከተትኩት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው።

እነግረዋለሁ። መች አልነግርም አልኩ። «ልጄ፣ ይህቺ መኪና የተበየደች ናት፣ አትንጃት» ይበለኝ፤ እዚያው መንገድ ዳር አቁሜ ማግኔቱን እሰጠዋለሁ። ሁለት ወር ሆነው። እሱ ግን ስለ አየር ጠባይ ያወራኛል።

ነገ ረቡዕ ነው። በጠዋት ቀስቅሼ፣ ካልሲውን አጥልቄለት፣ ከፊት አስቀምጠዋለሁ።